ሁለት ኃላፊ ጊዜ የነበረው ግሥ

በአንድ የወርቅ መርፌ ቁልፍ ላይ አራት ቃላት ተጭረዋል። የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ማኒዮስ ሜድ ፍሄፍሃኬድ ኑማሲዮይ» ይላሉ። በአማርኛ ሦስት ቃል ይበቃቸዋል፦ «ማኒዮስ ለኑማሲዮስ ሠራኝ።» የሚናገረው መርፌ ቁልፉ ራሱ ነው።

ዕቃው የፓለስትሪና ነው ይባላል። ከተማዋ ከሮም በስተምሥራቅ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ጥንት ፕራይኔስቴ ትባል ነበር። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በላቲን ተጽፈው ከተረፉት ሁሉ በዕድሜ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው።

ስለ ወርቁ ብዙ ተብሏል፤ ኋላ እመለስበታለሁ። እኔን የያዘኝ ሦስተኛው ቃል ነው። ፍሄፍሃኬድ። ላቲን የነካካ ሰው «ሠራ» የሚለውን ፌኪት ብሎ ነው የሚያውቀው። ይሄኛው ግን መጀመሪያው ተደግሟል፤ መካከሉ ላይ «ፋ» አለ፤ መጨረሻው ደግሞ በ«ት» ፈንታ «ድ» ነው። አንድ ግሥ በአንድ አካባቢ እንዴት እንዲህ ሁለት መልክ ያዘ? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ዛሬ እስከ ሥሩ ወርጄ የገባኝን ልንገራችሁ።

ግሡ ለኛም ሩቅ አይደለም። ሰርተፊኬት ስንል በመሃሉ እሱ አለ፤ «እርግጥ ማድረግ» ከሚል የላቲን ቃል ነው የመጣው። ፋኩልቲ ስንልም አለ። ፋክስ እንኳ «ፋክ ሲሚሌ» ከሚል ትእዛዝ ያጠረ ነው፤ «ተመሳሳዩን ሥራ» ማለት ነው። በየቢሮው በቀን ስንት ጊዜ እንጠራዋለን።

ላቲን የጀመርኩት በትርፍ ሰዓቴ፣ በራሴ ፍላጎት ነው። የትምህርት መጻሕፍቱ እያንዳንዱን ግሥ በአራት ቅርጽ ያስሸመድዳሉ። የኛው ሲወርድ «ፋኪዮ፣ ፋኬሬ፣ ፌኪ፣ ፋክቱም» ይላል። ፋኪዮ «እሠራለሁ» ነው፤ ፌኪ «ሠራሁ»። ታዲያ የአሁኑ «ፋ» ባለፈው ጊዜ ለምን ረጅም «ፌ» ሆነ? መጽሐፉ መልስ የለውም። ሸምድድ ነው የሚለው። የቋንቋ ታሪክ የሚያስፈልገው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

ላቲን ብቻውን አልነበረም። ጣሊያን ምድር ላይ ወንድሞች ነበሩት። በደቡብ ኦስካን ይነገር ነበር፤ በመካከለኛው ክፍል ኡምብሪያን። ከሮም በስተሰሜን የላቲን የቅርብ ዘመድ የሆነው ፋሊስካን ነበር። በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለው ቬኔቲክም ከቤተሰቡ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። የእነዚህ ሁሉ እናት ናት የተባለችው ቋንቋ ጥንተ ኢታሊክ ትባላለች። ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት ትነገር ነበር ተብሎ ይገመታል። አንድም መስመር አልተጻፈባትም። እኛ የምናውቃት ልጆቿን ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው።

ስለዚህ ሊቃውንቱ የእሷን ቃል ሲጽፉ ከፊቱ ትንሽ ኮከብ ያደርጋሉ። *ፋክዮ፣ «እሠራለሁ»። *ፋክዮንቲ፣ «ይሠራሉ»። ኮከቡ «ይህን የጻፈ ማንም የለም፤ ከምስክሮች ተነሥተን የደረስንበት ነው» ማለት ነው። ይህቺን ምልክት እወዳታለሁ። የምናውቀውንና የምንገምተውን በአንድ ነጥብ ለይታ ታስቀምጣለች። በታሪክ ላይ የሚጻፉ ብዙ ነገሮች እንዲህ ያለ ምልክት ቢኖራቸው ብዬ ከልቤ እመኛለሁ።

ምስክሮቹ አንዳንዴ በጣም ይስማማሉ። «ያድርግ» የሚለውን ትእዛዝ ተመልከቱ። ላቲን ፋኪቶ ይላል። ኦስካን ፋክቱድ ይላል። ኡምብሪያን ፌይቱ ይላል። ኦስካን መካከለኛዋን «ኢ» ጥሏታል፤ መጨረሻዋን «ድ» ግን ጠብቋታል። ላቲን የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን ስታጋጥሟቸው እናትየዋ ትወጣለች፦ *ፋኪቶድ። አንዱ የጣለውን ሌላው ይዞ ተገኘ።

ፌይቱ የሚለው ቃል በኡምብሪያን በብዛት የሚገኘው ጉቢዮ ከተማ ባሉ ሰባት የነሐስ ጽላቶች ላይ ነው። በ1444 ነው የተገኙት። የካህናት መመሪያ ናቸው፤ የትኛው በር ላይ፣ ለየትኛው አምላክ፣ ምን እንደሚሠዋ ይዘረዝራሉ። እዚያ ውስጥ «ያድርግ» ማለት «ይሠዋ» ማለት ነው። ግዕዝ «ገብረ በዓለ» ሲል በዓል አከበረ ማለቱ ትዝ አለኝ። ያው «አደረገ» የሚለው ተራ ግሥ መቅደስ ሲገባ ክብር ያገኛል።

አሁን ከጥንተ ኢታሊክ አንድ ደረጃ ወደ ላይ እንውጣ። የኢታሊክ ቋንቋዎች፣ ግሪክ፣ ሳንስክሪት፣ ጀርመንኛ፣ ሩሲያኛ ሁሉ ከአንዲት ጥንታዊት ቋንቋ ወረዱ፤ ጥንተ ኢንዶ-አውሮፓዊ ትባላለች። እዚያ ስንደርስ የኛ ግሥ ትርጉሙ «ሠራ» አልነበረም። «አኖረ፣ አስቀመጠ» ነበር። ግሪክ ቲቴሚ ሲል «አኖራለሁ»፣ ሳንስክሪት ዳዳቲ ሲል «ያኖራል» ማለታቸው ነው። ተማሪዎች የሚጽፉት ቴሲስ ከዚሁ ሥር ነው፤ የተቀመጠ ሐሳብ።

ከማኖር ወደ መሥራት መሻገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ ብዙ አይከብድም። ግዕዝ ሤመ ሲል አኖረ፣ አስቀመጠ ማለት ነው፤ ሰውን በወንበር ማስቀመጥም ነው። የኛ «ሾመ» ከዚያ መጣ። ሰውን ዳኛ አድርጎ ያስቀመጠው፣ ዳኛ አደረገው።

የሥሩ የመጀመሪያ ድምፅ ደግሞ «ፍ» አልነበረም። ትንፋሽ ያለበት «ድ» ነበር። ኢታሊክ ውስጥ ይህ ድምፅ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ተለሳልሶ በመጨረሻ «ፍ» ሆነ። ሳንስክሪት ጭስን ዱማ ሲል ላቲን ፉሙስ የሚለው በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉ የሚሠራው ግን በቃል መነሻ ላይ ነው። በቃል መሃል ላቲን ውስጥ ድምፁ ብዙ ጊዜ «ድ» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ያው ሥር በሁለት ልብስ ይታያል፤ ብቻውን ሲቆም ፋኪዮ፣ ቅጥያ ከፊቱ ሲገባ «ዶ»። ኮንዶ «አንድ ላይ አኖራለሁ፣ እመሠርታለሁ» ነው። አብዶ «አርቄ አኖራለሁ፣ እደብቃለሁ» ነው። ክሬዶ፣ «አምናለሁ»፣ «ልብን ማኖር» ከሚል ጥንታዊ አነጋገር የመጣ ነው።

ሮማውያን ዓመት ሲቆጥሩ «አብ ኡርቤ ኮንዲታ» ይሉ ነበር፤ «ከተማዋ ከተመሠረተች ጀምሮ»። እነሱ ራሳቸው ኮንዲታ እና ፌኪት የአንድ ሥር ልጆች መሆናቸውን አላወቁም። ያልተቋረጠ ቋንቋቸው ነው፤ በየቀኑ ይናገሩታል፤ ግን ዝምድናው ከዓይናቸው ተሰውሯል። እኛ ከ2000 ዓመት በኋላ ከነሱ የበለጠ እናያለን። ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

አሁን ወደ «ፋ» እና «ፌ»። ከጉዳዩ ሁሉ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1879 ፈርዲናንድ ደ ሶሱር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ወጣት አንድ ጥናት አሳተመ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የጥንቷ ቋንቋ በኋላ የጠፉ ድምፆች ነበሯት አለ። ያኔ ይታወቁ ከነበሩት ቋንቋዎች በአንዱም ውስጥ እነዚያ ድምፆች አልተጻፉም። እሱ የደረሰባቸው ጥለውት ባለፉት ዱካ ነው። አናባቢዎች ያለምክንያት የሚረዝሙበትን፣ ያለምክንያት የሚለዋወጡበትን ቦታ ሁሉ ሰብስቦ፣ እዚህ አንድ ነገር ነበር፤ ወድቋል፤ ሲወድቅ አናባቢውን ቀይሮት ሄደ አለ።

ቀጥሎ ሄርማን ሞለር የሚባል የዴንማርክ ሊቅ መጣ። እሱ የሴም ቋንቋዎችን ያውቅ ነበር። እነዚህ የጠፉ ድምፆች እንደ ሴም ቋንቋዎች የጉሮሮ ድምፆች መሆን አለባቸው አለ። የሁለቱ ቤተሰቦች ዝምድና አለ ብሎም ያምን ነበር፤ በዚያኛው ብዙ ሰው አልተከተለውም። «የጉሮሮ ድምፆች» የሚለው ስም ግን ጸና። እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚያ ነው። በ«ሀ» መሳይ ፊደል ቁጥር ተደርጎላቸው ይጻፋሉ፦ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ።

ለእኔ ይህ ጽንሰ ሐሳብ የቤቴ ነገር ነው። ግዕዝ ሰምዐ ይላል፤ አማርኛ ሰማ። ግዕዝ በልዐ፤ አማርኛ በላ። ፈርሀ፣ ፈራ። መጽአ፣ መጣ። የዐይኑ «ዐ» ድምፅ ከአፋችን ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆነው። የሐመሩ «ሐ»ም እንዲሁ። ግን እንዲሁ አልጠፉም። ሰበረ፣ ከፈለ፣ ነገረ ስንል መጨረሻው ግዕዝ ፊደል ነው። ሰማ፣ በላ፣ ፈራ ስንል ግን ራብዕ ነው። ለምን? ከመጨረሻው የወደቀ የጉሮሮ ድምፅ ስላለ ነው። አንድ ሰው ግዕዝን ፈጽሞ ሳያውቅ ሰበረን እና ሰማን ብቻ አስተያይቶ «እዚህ ሦስተኛ ተነባቢ ጎድሏል» ማለት ይችላል። ሶሱር ያደረገው ይህንኑ ነው። እኛ የግዕዝ መጻሕፍት ስላሉን እውነት መሆኑን ገልጠን እናረጋግጣለን። እሱ ግን የሚገልጠው መጽሐፍ አልነበረውም።

መጽሐፉ በኋላ መጣ፤ በሸክላ። ቱርክ ውስጥ ቦአዝኮይ ላይ በተቆፈሩ ጽላቶች የሒታይት ቋንቋ ተገኘ። በ1915 ቤድርዢሕ ሕሮዝኒ የሚባል የቼክ ሊቅ ቋንቋው ኢንዶ-አውሮፓዊ መሆኑን አሳየ። በ1927 ደግሞ ፖላንዳዊው የርዚ ኩሪዎቪች፣ ሶሱር «እዚህ ድምፅ ወድቋል» ባለባቸው ቦታዎች ላይ ሒታይት በግልጽ «ኅ» እንደሚጽፍ አስተዋለ። ሶሱር ከሞተ 14 ዓመት ሆኖታል። ከሳይንስ ታሪክ እንደዚህ የሚያስደስተኝ ጥቂት ነው። አንድ ማስታወሻ ግን ያስፈልጋል፤ የኛ ግሥ ያለባት የመጀመሪያዋ የጉሮሮ ድምፅ በሒታይትም አትታይም። የምትታወቀው በዱካዋ ብቻ ነው።

ዱካዋ ግን ግልጽ ነው። ሥሩ አናባቢ ሲኖረው፣ «ኤ» ከጉሮሮዋ ድምፅ ጋር ተጋጠመ፤ ድምፁ ሲወድቅ «ኤ» ረዘመ። ፌ። ሥሩ አናባቢ ሲያጣ ደግሞ የጉሮሮዋ ድምፅ በሁለት ተነባቢዎች መካከል ብቻዋን ቀረች፤ ኢታሊክ ውስጥ እንዲህ ስትቀር «አ» ትሆናለች። ፋ። ፋኪዮ እና ፌኪ ዋና ልዩነታቸው ይኸው ነው። ሸምድዱት የተባለው ነገር በሥርዓት ይሠራ ኖሯል።

ፍሄፍሃኬድስ?

መልሱ የሚጀምረው ከሮም ነው። በ1880 ኩዊሪናሌ ኮረብታ ላይ ሦስት የተጣበቁ ትንንሽ ማሰሮዎች ተገኙ። ዙሪያቸውን ተጽፎባቸዋል። ብዙው ክፍል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ አንዱ ሐረግ ግን ግልጽ ነው፦ «ዱዌኖስ ሜድ ፌኬድ»። «ዱዌኖስ ሠራኝ» ወይም «ደግ ሰው ሠራኝ»። ብዙዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት 6ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ያደርጉታል። እንግዲህ ሮም ፌኬድ ትላለች፤ ፕራይኔስቴ ፍሄፍሃኬድ። በመካከላቸው የአንድ ቀን የእግር መንገድ ነው ያለው።

«ፍሄ» የተባለው ነገር አያሳስባችሁ። ላቲን ተናጋሪዎቹ ፊደሉን ከጎረቤቶቻቸው ከኤትሩስካውያን ሲወስዱ ለ«ፍ» የሚሆን ራሱን የቻለ ምልክት ስላልነበረ ሁለት ፊደል አጣምረው ጻፉት። ንባቡ ፌፋኬድ ነው።

ፌፋኬድ ብቻውን ቢሆን የጸሐፊው ስሕተት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ግን ወንድም አለው። በደቡብ ጣሊያን ባንቲያ በምትባል ቦታ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነሐስ ጽላት ተገኝቷል፤ በኦስካን የተጻፈ የከተማ ሕግ ነው። እዚያ ላይ ፌፋኩስት እና ፌፋኪድ የሚሉ ቃላት አሉ። አድርጎ ከተገኘ፣ ያደረገ እንደሆነ የሚሉ የሕግ አነጋገሮች ናቸው። ያው መደጋገም፣ ያው «ፋ»። ጉቢዮ ያለው ኡምብሪያን ግን ለዚሁ ቅርጽ ፋኩስት ነው የሚለው፤ አልደገመም።

እዚህ ላይ አማርኛ ይረዳናል። እኛ «ሠራ» እና «ሠርቷል» እንላለን። አንደኛው ድርጊቱ ሆነ፣ አለፈ ይላል። ሁለተኛው ድርጊቱ አልፎ ውጤቱ አሁን አለ ይላል። የጥንቷ ቋንቋም ለሁለቱ ሁለት የተለያየ እርባታ ነበራት። «ሠርቷል» የሚመስለው ቅርጽ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ተነባቢ ይደግማል። ኢታሊክ ውስጥ ሁለቱ ትርጉሞች ተዋሐዱ። የላቲን ፌኪት «ሠራ»ም ነው፤ «ሠርቷል»ም ነው። ትርጉሙ አንድ ሲሆን ሁለት ቅርጽ መያዝ ትርፍ ሆነ። እያንዳንዱ ግሥ አንዱን መረጠ። «ሰጠ» የተደጋገመውን መረጠ፤ ላቲን ዴዲት፣ ኦስካን ዴዴድ። ሌሎች ያልተደጋገመውን ያዙ።

የኛ ግሥ ነው ያልተስማማው። ልጆች ርስት ሲካፈሉ እንደሚሆነው፣ ሮም *ፌክ ደረሳት፤ ኦስካንና ፕራይኔስቴ *ፌፋክ ደረሳቸው። ከሁለቱ አንዱ ከጊዜ በኋላ የተፈጠረ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱም በእናትየዋ ቤት ነበሩ ከሚሉት ጋር ነኝ። *ፌክ ከግሪክ ኤቴካ ጋር ድምፅ በድምፅ ይገጥማል፤ ስለዚህ አዲስ ሊሆን አይችልም። *ፌፋክ ደግሞ እርስ በርስ በማይጎራበቱ ሁለት ቦታዎች ተገኘ። ሁለት ሰው በየፊናው ፈጠረው ከማለት፣ ከቤት ይዘውት ወጡ ማለት ይቀለኛል። ላቲን ራሱ እንዲህ ያለ ግሥ አለው። ፓንጎ፣ «እተክላለሁ»፣ ኃላፊ ጊዜው ፔፒጊም ነው፣ ፔጊም ነው፣ ፓንክሲም ነው። ሦስቱም ተጽፈው ይገኛሉ። ቋንቋ የድሮውን ዕቃ ቶሎ አይጥልም።

መጨረሻዋ «ድ» ደግሞ ሌላ ምስክር ናት። ጥንት የአሁን ጊዜ መጨረሻው «ቲ» ነበር፤ ያለፈው ደግሞ «ት» ብቻ። ኢታሊክ ውስጥ የመጀመሪያው አጥሮ «ት» ሆነ፤ ሁለተኛው ለስልሶ «ድ»። ኦስካን ይህን ልዩነት ጠብቋል። ላቲን ግን በኋላ ሁሉንም በ«ት» ጨፈለቀውና ፌኬድ ፌኪት ሆነ።

አሁን ወርቁ። መርፌ ቁልፉን በ1887 ለሊቃውንት ያቀረበው ቮልፍጋንግ ሄልቢግ የሚባል ጀርመናዊ የአርኪዮሎጂ ሰው ነው። ከየትኛው መቃብር እንደወጣ በግልጽ አልታወቀም። ጥርጣሬው ቆየ። በ1980 ታዋቂዋ የጥንታዊ ጽሑፎች ሊቅ ማርገሪታ ጓርዱቺ ጽሑፉ ሐሰተኛ ነው፣ ሄልቢግም እጁ አለበት ብላ ሰፊ ክርክር አቀረበች። ብዙ ሰው አመነ። በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ከቃሉ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ገባ።

የሚገርመው ግሡ ራሱ ሊፈርድ አለመቻሉ ነው። ፌፋኬድ እውነተኛ ጥንታዊ ቅርጽ ይመስላል፤ ግን በ1887 የባንቲያው ጽላት ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። ኦስካን የሚያውቅ ብልህ አስመሳይ ሊያዘጋጀው ይችል ነበር። የቋንቋ ሳይንስ ያን ያህል በመሠልጠኑ፣ የሠለጠነ ሐሰተኛን ከእውነተኛ መለየት አቃተው። የፈረደው ወርቁ ራሱ ነው። በ2011 የወርቁ ገጽና የፊደሎቹ ጭረት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ዕቃውም ጽሑፉም ጥንታዊ መሆናቸው ተገለጸ። ዛሬ ሮም፣ ኤውር በሚባለው ሰፈር ባለው ሙዚየም ነው የሚገኘው።

ይህን ውጤት ሳነብ የተሰማኝ ደስታ ከኑማሲዮስ የሚያንስ አይመስለኝም። ፌፋኬድ ከነወንድሙ ተመልሶ ምስክር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

የሚቀረው «ክ» ነው። የጥንቱ ሥር «ክ» የለውም። ሳንስክሪት የለውም፤ የስላቭ ቋንቋዎች የላቸውም። ክሬዶም ሆነ ኮንዶ የላቸውም። ታዲያ ፋክ እና ፌክ ላይ ከየት መጣ? ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ይጋሩታል። አንዱ ግሪክ ነው፤ እሱም ኤቴካ፣ «አኖርኩ» ሲል። በግሪክ «ክ» መጀመሪያ የነበረው በነጠላ ቁጥር ብቻ ነው፤ «አኖርን» ሲል ይጠፋል። ሁለተኛው ትንሹ እስያ ውስጥ ይነገር የነበረው ፍርግያ ነው። በሮማውያን ዘመን የመቃብር ድንጋዮች ላይ «በዚህ መቃብር ላይ ክፉ የሚያደርግ» የሚል እርግማን ይጽፉ ነበር፤ «የሚያደርግ» የሚለው ቃል አዳኬት ነው። ይኸው «ክ»።

ስለ መነሻው ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። በነጠላው ቁጥር ላይ ከጉሮሮዋ ድምፅ የተወለደ ነው የሚሉ አሉ፤ ሥሩን ለማስፋት የተጨመረ ጥንታዊ ቅጥያ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የግሪክ ነጠላና ብዙ ቁጥር ልዩነት ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ይስበኛል። በነጠላው ላይ ብቻ የተወለደች ድምፅ ኢታሊክ ውስጥ መላውን እርባታ ወረሰች፤ በኃላፊ ጊዜው አላበቃችም፤ ወደ አሁኑ ጊዜ ተሻግራ *ፋክዮን ሠራች። ይህ ልክ ከሆነ የላቲን «እሠራለሁ» የተወለደው ከ«ሠራ» ነው። ጣሊያኖች ዛሬ ፋቾ፣ «እሠራለሁ» ሲሉ «ክ» በአፋቸው «ች» ሆናለች፤ ፌቼ፣ «ሠራ» ሲሉም ያችው ናት።